ሦስት ጊዜ አቦል፦ ስለ መርሳት በሽታ ምርምርና ስለ ጣና ዙሪያ ትስስር

(ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለሕክምና ተማሪዎችና የመርሳት ችግር ያለባቸውን ወላጆች ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

መጀመሪያ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኛ ቤት «እቴቴ» ነበር የምንላት። ዘጌ ተወልዳ ዘጌ ያረጀች፣ ቡናዋን ከጓሮዋ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ የምታፈላ ሴት ነበረች። ያኔ እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ለእረፍት በጀልባ ተሻግሬ ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ዞረ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ። አቦሉን ቀድታ ጠጣን። ሲኒው ተለቃቅሞ ታጠበ። ቀጥላ ስትቀዳም «በሉ አቦል ጠጡ» አለች። ቶና መሆን ነበረበት። አፏ ስቶ ነው ብለን ሳቅ አልን። ሦስተኛው ላይ ግን ጀበናውን ገለል አደረገችና ምጣዱን መልሳ ጥዳ ጥሬ ቡና ጨመረችበት። «እንግዶቼ አቦል እንኳ ሳይቀምሱ» እያለች መቁላት ጀመረች። ያኔ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ጃጅታለች እኮ፣ ምን ታደርጉታላችሁ» አሉን ጎረቤቶቻችን። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ለዚህ ነገር ያላቸው ቃል ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። የተቀበለን ባለሙያ ዕድሜዋን ጠየቀ፣ ግፊቷን ሳይለካ «የእርጅና ነው» ብሎ ቫይታሚን ጽፎ ሸኘን። በዚያው ዓመት አንድ ንጋት ከቤት ጠፍታ ጀልባ መቆሚያው ጋ ውኃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ቆማ ተገኘች። «እናቴ ዘንድ ልሻገር ነው» አለች። እናቷ ከሞተች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። የደም ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ጎኗ ሲዝል ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ቤተሰቦች ስለ መርሳት በሽታ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚጠይቁበት፣ በየዓመቱም ወደ ጠየቁት ሰው ደጅ ተመልሰው የሚሄዱበት የምርምር ትስስር እንዲቋቋም እፈልጋለሁ። የምርመራ ማሽኑ ይቆይ። መጀመሪያ ጥያቄው ይስተካከል፣ ተመልሶ መሄዱም ይለመድ።

የመርሳት በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ዲሜንሺያ፣ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማስታወስን፣ ማመዛዘንን፣ ንግግርን፣ አቅጣጫ መለየትን እያዳከመ ሰው የዕለት ኑሮውን ብቻውን እንዳይመራ የሚያደርግ የሕመም ስብስብ ነው። ከሕሙማኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ያለባቸው አልዛይመር ነው፤ ስሙ የመጣው በ1906 (እ.ኤ.አ.) የአንዲት ጀርመናዊት ሕመምተኛን አንጎል መርምሮ ያየውን ለሙያ ጓደኞቹ ካቀረበው ከዶክተር አሎይስ አልዛይመር ነው። የአንጎል ደም ሥር ሲጎዳ የሚመጣ አለ፣ ከፓርኪንሰን ጋር ተያይዞ የሚመጣ አለ፣ ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ስሙን «10/66» ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፦ 66 በመቶው ሕመምተኛ የሚኖረው በታዳጊ አገሮች ሲሆን፣ በሕዝብ ላይ ከተሠራው ምርምር ግን 10 በመቶ እንኳ የሚሆነው እዚያ አልተሠራም።

እኛ አገር በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሰው ሲወለድ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ይህ ትልቅ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። ሽበት የሚያይ ሰው በዛ ማለት ግን ከሽበት ጋር የሚመጣውም በሽታ በዛ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ ጥቂት ነን፤ የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

«እኛ እንዲህ ያለ ምርምር የት እንችላለን» የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወደ ሐይቁ ዳር ይመልከት።

ጓያን ታውቃላችሁ። ደምቢያና ፎገራ ላይ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ዝናብ ሲጠፋም የማይከዳ እህል ነው። በድርቅ ዘመን ሌላ ሲጠፋ እሱ ብቻ ለወራት ሲበላ ግን ውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳል። «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ይህን በሽታ በየመንደሩ እየዞሩ አጥንተው ውጤቱን በ1990 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም አሳትመዋል። እኚሁ ሰው ቡታጅራ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ በየቤቱ አስጠይቀው የሚጥል በሽታን፣ ፓርኪንሰንንና ሌሎች የነርቭ ሕመሞችን ቆጥረዋል። ያኔ ሞባይል አልነበረም፣ ታብሌትም አልነበረም። የሠለጠነ የመንደር ጠያቂ፣ ወረቀትና እግር ነበር።

ካላ አዛርን ውሰዱ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሊቦ ከምከም ላይ ሰው በትኩሳት ሲረግፍ መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ይህን የማነሳው ስሙ የተሳሳተ በሽታ ስንት ሰው ይዞ እንደሚሄድ ስለሚያሳይ ነው፤ «የእርጅና ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2003 (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የሱዳንና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ለዚህ በሽታ የምሥራቅ አፍሪካ የምርምር መድረክ አቋቁመው ነበር፤ ጎንደር ከጣቢያዎቹ አንዱ ነው። ሥራቸውን በደንብ እንድታዩት የምፈልገው በአንድ ምክንያት ነው። ፓሮሞማይሲን የሚባለው መድኃኒት ሕንድ ውስጥ ሕሙማንን በደንብ ያዳነበት መጠን እዚህ ሲሞከር አነሰ። ከጣቢያ ጣቢያም ለየቅል ሆነ፤ በሱዳን ጣቢያዎች ውጤቱ በጣም ዝቅ አለ። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ቢሠራው ኖሮ ወይ «ይሠራል» ወይ «አይሠራም» ብሎ ይደመድም ነበር፤ ሁለቱም ስህተት ነው። ብዙ ጣቢያ በአንድ መመሪያ ስለሠራ ልዩነቱ ታየ፣ መጠኑ ተስተካከለ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ሕክምናው ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም ተቀበለው። ትስስር ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ መልሱም የተገኘው እዚሁ ሠፈራችን ነው።

ትራኮማ ላይም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ውስጥ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች የተሠራው ሙከራ ስሙ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ታና» ነው። ዳባት ላይ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ዝውውር እየመዘገበ ነው። ማን በየትኛው ቤት እንዳለ የሚታወቅበት ቦታ ካለን ትልቁ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልምጣ። የምቆይበት እዚህ ላይ ነው።

በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የማስታወስ መመዘኛ በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን ከ30 ነጥብ ይታረማል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ወርልድ» የሚለውን ቃል ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠር ይላል፤ አምስት ፊደል፣ አምስት ነጥብ። ይህ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዓለም» ይሆናል። ም፣ ለ፣ ዓ። ሦስት ፊደል ነው። አምስቱን ነጥብ ለሦስት ፊደል እንዴት ታካፍላላችሁ? ፊደል ያልቆጠረች እናትስ ምን ትመልስ? «ዓረፍተ ነገር ጻፉ» የሚልም አለ። ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾች አስመስላችሁ ሣሉ የሚልም አለ። በሕይወቷ እርሳስ ጨብጣ ለማታውቅ ሴት ይህ የእጇ ፈተና ነው እንጂ የአንጎሏ አይደለም። ታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ላይ አረጋውያንን ያጠኑ ሰዎች ሥዕሉን ትተው የክብሪት እንጨት ተጠቅመዋል፤ ጠያቂው በእንጨቶቹ ቅርጽ ይሠራል፣ ተጠያቂው አስመስሎ ይደረድራል። ክብሪት የሌለበት ቤት የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቀን ጥያቄው ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብላ የተጠየቀች አንዲት እማሆይ «ዛሬማ አቦ አይደል እንዴ» ብለው ሲመልሱ ቅጹ ላይ ዜሮ ሲጻፍባቸው ዓይኔ እያየ አልፏል። ወር በገባ በ5 አቦ ነው! መልሱ ልክ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም የሚል ሰው ቀኑን በደንብ ያውቃል። ዓመቱን ሲጠየቁ «ዘመነ ማርቆስ» ያሉ አባትም ልክ ናቸው፤ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ሙስሊም እናቶቻችንም በጁምዓና በረመዳን አቆጣጠራቸው ልክ የሆነ መልስ ይመልሳሉ። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ከተጠያቂዋ ጋር በአገራችን አቆጣጠር እንነጋገራለን፣ ቅጹ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይገባል፣ በመሃል ስድስት ሰዓት ይጠፋል። እንዲህ ያለ ስህተት ጎንደር ላይ በአንድ መልክ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በሌላ መልክ ከተሠራ በኋላ ሁለቱን ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ነው። ስለዚህ የትስስሩ የመጀመሪያ ሥራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፦ ቁጭ ብሎ ልክ የሆኑ መልሶችን ዝርዝር መጻፍ፣ በአንድ ላይ መፈረም።

ኢባዳን ላይ፣ ናይጄሪያ ውስጥ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ሥራ መንገዱን ያሳየናል። ፕሮፌሰር ኦሱንቶኩን፣ ኦጉኒይ፣ ባይዌውና አሜሪካ ያለው ባልደረባቸው ሄንድሪ የዮሩባ አረጋውያንንና ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ዓይነት መጠይቅ ለዓመታት ተከታተሉ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ በዓመት ውስጥ አዲስ አልዛይመር የያዛቸው ኢባዳን ላይ 1.15 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 2.52 በመቶ ናቸው። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ይህን ማለት የተቻለው መጠይቁ ከመጀመሪያው ላልተማረ ሰው ታስቦ ስለተሠራ ነው። ደግሞም ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ ለአረጋዊው፣ ሌላው አብሮት ለሚኖር ዘመድ። አረጋዊቷ «ደኅና ነኝ፣ ምንም የለብኝ» ብትልም ምራቷ ታውቃለች። ገበያ ስትሄድ መልስ ረስታ እንደምትመጣ፣ የእድር መክፈያ ቀን እንደሚያልፋት፣ እንጀራው ላይ ሊጥ ደግማ እንደምታፈስ የምታውቀው እሷ ናት። የፈረንጆቹ ቅጽ «ስልክ ይጠቀማል? የባንክ ሒሳቡን ያንቀሳቅሳል?» ይላል። የእኛ ቅጽ ስለ ቡና፣ ስለ እድር፣ ስለ ገበያ፣ ጾም መቼ እንደሚገባ ስለማወቅ መጠየቅ አለበት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው ይህ ነው። በየትኛውም የዲሜንሺያ ጥናት ላይ «ስንት ዓመት ተማሩ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ትምህርት ማነስ ከሚታወቁት አጋላጭ ነገሮች አንዱ ስለሆነ። ጎጃም ውስጥ አንድ መሪጌታ ይህን ይጠየቃሉ። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት አልፈው፣ ዋሸራ ወይ ጎንጅ ወይ ደብረ ኤልያስ ዓመታት አሳልፈው፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ እየቆጠሩ፣ ሳይጽፉ በቃላቸው ይዘው እየዘረፉ ያደጉ ሰው ናቸው። ቅጹ ላይ የሚሞላው «አልተማረም፣ 0 ዓመት» ነው። ይህ ስድብ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ስኖውደን ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 678 የካቶሊክ ሴት መነኮሳትን ሲከታተል፣ በወጣትነታቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ በሐሳብ የጠበቀ ከነበሩት መካከል በእርጅና ጊዜ አልዛይመር የያዛቸው ጥቂት እንደነበሩ አገኘ። አንዳንዶቹም ሲሞቱ አንጎላቸው ውስጥ በሽታው ታይቶ በሕይወት ሳሉ ግን ምልክቱ ያልታየባቸው ነበሩ። አእምሮ በሥራ ብዛት የሚያጠራቅመው ስንቅ ያለ ይመስላል።

እንግዲህ በቃል መያዝን ሙያው ያደረገ ሰው በብዛት የሚገኝበት አገር የት ነው? የጣና ገዳማት፣ የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ ቁርዓንን በቃላቸው የያዙ የሐይቁ ዳር ሼኾች እዚሁ ናቸው። የቃል ትምህርት አንጎልን ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚለውን እዚህ መጠየቅ ይቻላል። ይጠብቃል እያልኩ አይደለም፤ ገና አልተጠየቀም። ገዳም ውስጥ ግን እንደ እንግዳ ተመራማሪ ዘው ተብሎ አይገባም። ከአበምኔቱ ጋር ተመካክሮ፣ የገዳሙን ሥርዓት ጠብቆ፣ ሴት የማይገባበት ደሴት ላይ ወንድ ጠያቂ ልኮ፣ ውጤቱን መጀመሪያ ለእነሱ ተናግሮ ነው።

ከተሳታፊዎች አንድ ቄስ እዚህ ላይ «ጸበልስ?» ብለው ጠየቁኝ። የመለስኩላቸውን እደግመዋለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ከሆነ እኛም መጀመሪያ የምንገናኘው እዚያ ነው። ጸበሉን ተዉ አንልም። መድኃኒቱንም ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ አባቶች ይንገሩልን፤ ያጥማቂው አባት አንድ ቃል ከእኔ የአንድ ሰዓት ማብራሪያ ይበልጣል።

«ፈውስ በሌለበት ምርምር ምን ይረባል» የሚል ጥያቄም ቀርቦልኛል። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ የመርሳት ችግር ሁሉ የማይድን አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቢ 12 እጥረት፣ ድብርት፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከወደቁ በኋላ ከራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም ሁሉም ሰውን ሊያስረሱ ይችላሉ፤ ሁሉም ደግሞ ሕክምና አላቸው። እንቅርት በሚበዛበት አገር ታይሮይድን ሳይመረምሩ «ጃጅታለች» ማለት በደል ነው። ሁለተኛው፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ቢወገዱ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። የደም ግፊት፣ የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ የአየር ብክለት ውስጥ ናቸው። የጭስ ማውጫ የሌለው ማድ ቤታችንን፣ ሞራ የጋረደውን የእናቶቻችንን ዓይን አስቡ።

አዲሶቹን የአልዛይመር መድኃኒቶችም ሰምታችኋል። ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም። ለመጀመር አንጎል ውስጥ አሚሎይድ (በአልዛይመር የሚከማች ፕሮቲን) መኖሩን በልዩ ምስል ወይም በጀርባ ፈሳሽ ማረጋገጥ፣ ከዚያም እብጠትና ደም መፍሰስ እንዳይመጣ በኤም አር አይ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። በደም የሚሠራው ምርመራ ግን እየቀረበ ነው፤ የመጀመሪያው በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ፈቃድ አግኝቷል። ይህ ምርመራ «ከዚህ ቁጥር በላይ በሽታ ነው» የሚልበት መስመር የተሰመረው በአብዛኛው በሀብታም አገር ሰዎች ደም ነው። ኩላሊት ሲታመም ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መስመሩ ለፎገራ ገበሬ ይሠራል ወይ? የፓሮሞማይሲንን ነገር አስታውሱ።

ተመልሶ ስለመሄድ ያልኩት ይቀረኛል። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜደሊን ከተማ አጠገብ ባሉ ተራሮች ሰዎች በ40ዎቹ ዕድሜያቸው የሚረሱባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ዶክተር ፍራንሲስኮ ሎፔራና ነርሷ ሉሲያ ማድሪጋል ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው በየመንደሩ እየሄዱ፣ የጥምቀት መዝገብ እያገላበጡ የዘር ሐረጉን ሣሉ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዘመድ ያለው ትልቅ ቤተሰብ ሆነ። አገሪቱ ጦርነት ላይ በነበረችበት ዘመን ነው ይህን ያደረጉት። በኋላ ትልቅ የመድኃኒት ሙከራ ተሠራ፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱ አልሠራም። ያን ያህል ዓመት የተከታተሏቸው ቤተሰቦች መካከል ግን በሽታ አምጪውን ዘረ መል ይዛ በ40ዎቹ መርሳት የነበረባት፣ እስከ 70ዎቹ ግን ደኅና የቆየች አንዲት ሴት ተገኘች። ሌላ የዘረ መል ለውጥ ከልክሏት ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች ያንን ለመድኃኒት እየፈለጉት ነው። እሷን ያገኟት ደጅ ሳይሰለቹ በመመላለሳቸው ነው።

የኛ መንገድ በእነዚህ ዓመታት እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ከባሕር ዳር መኪና ተነሥቶ የሚሠራ ምርምር አልፈልግም። ጠያቂዋ ደቅ ላይ የምትኖር የደቅ ልጅ፣ ደምቢያ ላይ የምትኖር የደምቢያ ልጅ ትሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤቱን ያውቁታል፤ ነገር ግን ሥራ ሳይቀነስላቸው ሥራ አይጨመርባቸው፣ ለዚህ የሚሆን ክፍያም ይኑር። መንገድ ሲዘጋ ምራቷን በስልክ መጠየቅ ይቻላል። የባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ይያዙ። መዝገቡ አንድ፣ የሚስጥር ቁልፉ አንድ፣ ጠባቂዎቹ ግን ሁሉም ይሁኑ። የደም ናሙና የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ማን በሌሊት ተነሥቶ ጄኔሬተር እንደሚያስነሣ ስሙ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም ምን ያህል፣ ለምን፣ ውጤቱ ማን ስም ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ በውል ይታሰር።

ፈቃድ ስለመጠየቅም። የሚረሳ ሰው ዛሬ እሺ ብሎ ነገ እሺ ማለቱን ይረሳል። ልጁ ፈርሞለታል ተብሎ አረጋዊው ዝም አይባልም። በየጊዜው ይጠየቃል፤ እጁን ከሸሸ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ያ እምቢታ ነው፣ መርፌው ይቆማል። «ደሜን ወሰዱት» የሚለው ሥጋት ከባዶ አልመጣም። ሰው ደም ሰጥቶ ውጤቱን ሳይሰማ ሲቀር ይህን የማለት መብት አለው። ግፊት ከተገኘ ያኑ ቀን ይነገረው፣ መድኃኒትም ይጀምር። ያንን ያላደረገ ጥናት ጣና ዳር ባይሠራ እመርጣለሁ።

ለአስታማሚዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ከፊት ወንበር ላይ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ሴት ልጆችና ምራቶች ናችሁ። በር ቆልፋችሁ ገበያ መሄዳችሁን፣ እናታችሁ «ቤቴ ውሰጂኝ» ስትላችሁ ቤቷ ውስጥ ሆና መሆኑን፣ ሌሊት አለመተኛታችሁን አውቃለሁ። ስማችሁ በቅጹ ላይ «መረጃ ሰጪ» ተብሎ ነው የሚገባው። የእናንተም ግፊት፣ የእናንተም እንቅልፍና ድብርት አብሮ እንዲለካ የመጠይቁ ረቂቅ ውስጥ አስገብቻለሁ። በዚህ ላይ ማንም እንዲደራደር አልፈቅድም።

የመጠይቁ ረቂቅ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። ባለሙያ የሆናችሁ ስህተቱን በቀይ አርሙልኝ፤ በየወረዳችሁ ሰው እንዴት እንደሚናገር ጻፉልኝ፤ ደንበጫ ላይ የሚባለውና ማክሰኝት ላይ የሚባለው አንድ አይደለም። ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ ለዘመድ የሚቀርበውን ክፍል ወስዳችሁ፣ ቤት ያለችውን እናት ወይም አባት እያሰባችሁ ሞክሩት። ያልገባችሁን ጥያቄ አትሙሉት፤ አጠገቡ «አልገባኝም» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ቡና ስታፈላ ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሳትስት ታደርሳለች? ካልሆነስ፣ መጀመሪያ የሳተችው መቼ ነበር? ያን ቀን ማን ማን ነበራችሁ?»